የእንግዳ ውሃ

ቢዮ አዴ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማይሙና፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ባንቺ፣ በልጅሽ በሳብሪን፣ በጅቡቲ ካርቲየ ሰባት በከፈትሽው የጨርቅ ሱቅና በደጁ በሚያልፈው ሁሉ ላይ ይሁን። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ፍየሎቹም ደህና ናቸው። ጉልበቴ ብቻ ከእኔ ጋር ተኳርፎ ከርሟል፤ ሽማግሌ ልልክበት ነው።

አጎቴ ለምን አልደወለም ትይ ይሆናል። እዚህ ስልክ የሚሠራው ማዕድን ፈላጊው ኩባንያ ባቆመው ማማ ነው፤ በሰው ደጅ ቆሞ ስለ ባለቤቱ ማውራት ደግሞ አልሆነልኝም። ስለዚህ ወረቀቱን ለሽመክት ሰጠሁት። ከድሬዳዋ ጅቡቲ ከባድ መኪና የሚነዳ፣ የታመነ ሰው ነው። መልስሽንም በእሱ እጅ ላኪው።

ኩባንያው ዩራኒየም ፈላጊ ነው፤ ከሩቅ አገር ነው የመጣው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከሰፈራችን በስተምሥራቅ ያለውን ሜዳ አሥራ አራት ቦታ በማሽን በስቶታል። ማዕድኑ ከወጣ መንገድ ይሠራል፣ ክሊኒክ ይከፈታል ይላሉ። የአርብቶ አደሮቹ ሽማግሌ አብዱላሂ ግን ባገኘኝ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀኝ፤ "አቡዘር፣ ውሃውስ?" ይላል። አያቶቻችን ያስቆፈሩት ጉድጓድ የእኛም የእነሱም ነውና ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እኔ ግን ወሬውን ወደ ፍየሎቹ አዞራለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ልጄ ሱፊያን እዚያ ዘበኛ ሆኖ ተቀጥሯል፤ መንጃ ፈቃድ ግን አለው። እዚያው ጅቡቲ ራስ ዲካ ላይ የኩባንያው ቢሮ አለ ሲሉ ሰማሁ። አንቺ ከማንም ጋር ተናግረሽ መግባባት ታውቂበታለሽ። ሄደሽ ሾፌር እንዲያደርጉት አንድ መልካም ቃል ብትናገሪለት ምርቃቴ ከቤትሽ አይጠፋም።

አጎትሽ አቡዘር


ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቡዘር፣

ወዓለይኩም ሰላም ወረሕመቱላህ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ጉልበትዎንም ያስታርቅልዎ። ሳብሪን እጅዎን ትስማለች። የእናቴ የአክስት ልጅ ነዎት እንጂ አጎቴ አይደሉም የሚል ካለ ይምጣና ያነጋግረኝ፤ አባቴ የሞተ ጊዜ ከዚያ በረሃ ተነስተው መጥተው አርባ ቀን ከጎኔ የተቀመጡት እርስዎ ነዎት።

ራስ ዲካ ሄድኩ። ለሱፊያን ክብር ብዬ ጥሩውን የድሪያ ቀሚሴን ለብሼ ነበር። ጸሐፊዋ ገና ነገሬን ሳልጨርስ ኩባንያው ያስጠናውን ጥናት የያዘ አንድ ወፍራም ጥራዝ አስታቀፈችኝ። ሰው ሁሉ አንብቦ አስተያየት እንዲሰጥበት ነው አለች። ለካ ማዕድኑ ቢጫ ዱቄት ሆኖ፣ በበርሜል ታሽጎ፣ በመኪና ወደ እኛ ይመጣል፤ መርከብ እስኪደርስም እዚሁ መጋዘን ይቀመጣል። የእኛ አስተያየት የተፈለገው ለዚህ ነው።

እኔ ፈረንሳይኛ በአፌ እንጂ በዓይኔ አይሆንልኝም። ሳብሪን ግን ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ነው የምታጠናው፤ ሦስት ቀን ሙሉ አነበበችልኝ። ድንጋዩ ሲፈጭ አቧራው ከነፋስ ጋር ይሄዳል አለችኝ። ዝቃጩ ከነጨረሩ የልጅ ልጅ ልጆቻችን ዘመን ድረስ እዚያው ይቀመጣል። ውሃ ውስጥ ከገባ ኩላሊት ይጎዳል። ማዕድኑን ለማጠብ የሚያስፈልገው ያን ሁሉ ውሃ በበረሃ ከየት ይመጣል ለሚለው ጥናቱ የሰጠው መልስ ሁለት ቃል ነው፤ "ከመሬት ውስጥ"።

አንድ ገጽ ላይ ግን ሳብሪንን አስቆምኳት። የቢዮ አዴ ሰው የሚጠጣው ውሃ ከጨው የጸዳ ነው ይላል። ቁጥሩን ብናየው ከእኛ ቧንቧ ውሃ ስምንት ጊዜ ያነሰ ጨው ነው ያለው። አጎቴ፣ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ለዕረፍት እርስዎ ጋ መጥቼ፣ ከዚያ ጉድጓድ አንድ ወር ጠጥቼ፣ ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ ነው የተመለስኩት። ይህ የተመረመረው የየት ውሃ ነው? ጥናቱ ከዚህ ተነስቶ ጉድጓዱ ለከብት ብቻ ነው፣ ቢደርቅም ቢበከልም የሰው ጤና አይነካም ብሎ ይደመድማል። ማን ነው እንዲህ ያላቸው?

የሱፊያንን ነገር ተናግሬያለሁ፤ እናያለን ብለዋል። መልስዎን ቶሎ ይላኩልኝ።

ልጅዎ ማይሙና


ቢዮ አዴ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማይሙና፣

ሰላምና በረከት ከደጅሽ አይራቅ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መልሱ የዘገየው የሽመክት መኪና ስለተበላሸች ነው።

ስለ ውሃው የጠየቅሽኝ ሰፊ ነገር ስለሆነ ሌላ ጊዜ እንጫወተዋለን። የሱፊያንንም ጉዳይ ለጊዜው ተዪው፤ ሁለተኛ እዚያ ቢሮ አትሂጂ።

አሁን የምለምንሽ ገመድ ነው። የጉድጓዳችን ገመድ ቋጠሮው በዝቶ በመዘውሩ አላልፍ እያለ አስቸግሮናል። ጅቡቲ ጥሩ የመርከብ ገመድ አይጠፋም። ቋጠሮ የሌለው፣ አንድ ወጥ፣ አምሳ ስድስት ክንድ ላኪልን። ረመዳንን በሰላም ያድርሰን፣ በሰላምም ያስጨርሰን።

አጎትሽ አቡዘር


ጅቡቲ፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቡዘር፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ነገ ጾም ነው፤ ለእርስዎም ለቤተሰቡም ቀላል ያድርገው።

ገመዱ ይኸው፣ ሽመክት ይዞልዎት መጥቷል። የሽመክት መኪና ግን አልተበላሸችም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለቴ ሱቄ ደጅ ቆማ ነበር። ትልቅ ሰው ሲዋሽ አያምርበትም ልበል ወይስ ልተው?

ገመዱን ስለካ ሌላ ነገር ታወሰኝ። አባቴ የቢዮ አዴ ጉድጓድ አርባ አራት ክንድ ነው እያለ ነው ያሳደገን። እርስዎ የጠየቁኝ አምሳ ስድስት ነው። ጉድጓድ እንደ ልጅ አያድግ! የአሥራ ሁለት ክንድ ውሃ የት ገባ?

አጎቴ፣ ቀልዱ ይቅርና ተናድጃለሁ። የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ስብሰባ መጋቢት 30 ነው። መንገዱ ሁለቱንም አገር ስለሚያቋርጥ ከሁለቱም የተውጣጡ ሰባት መርማሪዎች ይቀመጣሉ። ጥናቱን ስሕተት ነው የሚል ካልተገኘ ፈቃዱን ይሰጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ብንጮህ የሚሰማን የለም። እኔ ተነስቼ መናገሬ አይቀርም። ታዲያ ምን ይዤ ልናገር? የልጅነት ከንፈሬን ላሳያቸው? የሚያውቁትን ይንገሩኝ። እኔን ፈርተው ነው ወይስ እነሱን?

ማይሙና


ቢዮ አዴ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማይሙና፣

አላህ ልብሽን ያቅናልኝ። ይህን ካነበብሽም በኋላ እንደ ድሮው አጎቴ በይኝ። እየጾምኩ ልዋሽሽ አልችልም። ሽመክትንም በከንቱ ስላማሁት ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ያን የተመረመረውን ውሃ በጠርሙስ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

ባለፈው ጥቅምት ወር ጥናቱን የሚሠሩ ሦስት ባለሙያዎች በመኪና መጡ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ፊታቸው ቀልቶ፣ ላባቸው እየተንቆረቆረ ደጄ ዳሱ ሥር አረፍ አሉና ሁለት ባዶ ጠርሙስ አወጡ። "የምትጠጡትን ውሃ ስጡን" አለ አስተርጓሚያቸው። ማይሙና፣ የቤታችንን ደንብ ታውቂያለሽ። ለእንግዳ የጉድጓዱን ውሃ ሰጥተን አናውቅም። እኛ ዓመቱን ሙሉ ጨዋማውን እንጠጣለን፤ በሲሚንቶ በተለሰነችው ቢርካ የምናጠራቅመው የዝናብ ውሃ የእንግዳ፣ የአራስና የበሽተኛ ነው። አንቺ ልጅ ሆነሽ ስትመጪ እንኳ ቤተኛ ነሽ ተብለሽ ከጉድጓዱ ነው የጠጣሽው። እንግዶች ጠርሙስ ይዘው ውሃ ስጡን ሲሉ እኔ ምን ልረዳ? ሮጬ የቢርካውን ቁልፍ አመጣሁና ሞላሁላቸው። እንዲያውም በንጹሕ ሻሽ አጥልዬ።

አልጠጡትም። አሽገው፣ ወረቀት ለጥፈው ሳጥን ውስጥ ከተቱት። ደንቆኝ ቆሜ አየሁ። ጉድጓዱ በእግር ግማሽ ሰዓት ነው፤ እዚያ አልደረሱም። ፈርም አሉኝ፣ ፈረምኩ። ነገሩ ምን እንደሆነ ሱፊያን የነገረኝ ከወር በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ተቀጥሮ ነበር። ዝም አልኩ። ለልጄ እንጀራ ብዬ ነው ብልሽ ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ደግሞ እፍረት ነው። አገሩ ሁሉ አቡዘር ጉድጓዳችንን በሁለት ጠርሙስ አሳልፎ ሰጠ ይለኛል ብዬ ፈራሁ።

ገመዱም እንዳልሽው ነው። ሜዳውን መብሳት ከጀመሩ ወዲህ ሦስት ጊዜ አራት አራት ክንድ ቀጥለንበታል። የበሱትን አልደፈኑትም። ለማሽናቸውም ከመሬት ውሃ ይስባሉ። ውሃው እየሸሸን ነው። አብዱላሂ "ውሃውስ?" ሲለኝ ዓይኑን ማየት አቅቶኛል። ምን ላድርግ?

አቡዘር


ጅቡቲ፣ መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣ አጎቴ፣ አጎቴ!

ሦስት ጊዜ የጻፍኩት እንዳይጠራጠሩ ነው። አላህ የተጨነቀ ልብዎን ያሳርፈው።

"በንጹሕ ሻሽ አጥልዬ" የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ አንዲት ደንበኛ ደንግጣ ወጣች። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አቦ፣ ምን ያሳፍርዎታል? የሚያፍረው ግማሽ ሰዓት በእግሩ መሄድ ያቃተው ባለሙያ ነው! እርስዎ ለእንግዳ የሚገባውን አደረጉ። እነሱ ለውሃ መጥተው ውሃውን ሳያዩ ተመለሱ።

አሁን እኔ የምለውን ያድርጉ። ሁለት ጀሪካን ውሃ ይላኩልኝ፤ አንዱ ከጉድጓዱ፣ አንዱ ከቢርካው። ሲቀዳ አብዱላሂና ሁለት ሽማግሌዎች ቆመው ይዩ፤ አሽገው ይፈርሙበት። ከዚያ ያ ጥቅምት ላይ የሆነውን፣ እንደነገሩኝ አድርገው ሻሿን እንኳ ሳያስቀሩ ጽፈው ይፈርሙ። እንዳይፈሩ። እንዲህ ዓይነት ስሕተት ፈጥሮ የሚያወራ ሰው የለም፤ ሰምቶ የማያምንዎት አይኖርም።

አሮጌውን ገመድም አደራ እንዳይጥሉት! ገመድ በተቀጠለ ቁጥር ቋጠሮው ላይ የዘመኑን ጨርቅ ቁራጭ ማሰር ልማዳችን አይደል? እነዚያ ቁራጮች በየዒዱ ከምልክልዎ ጨርቅ የተረፉ ናቸው። እኔ ደግሞ ጨርቅ ሻጭ ነኝ። የትኛው መቼ እንደገባ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣ።

እርስዎ በዚያ ጉልበት መንገድ አይችሉም። ሰው ግን ያስፈልገኛል።

ማይሙና


ቢዮ አዴ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማይሙና፣

ዒድ ሙባረክ። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ የምታስቢውንም ያሳካልሽ።

እንዳልሽው አደረግሁ፤ ከዚያም አልፌ ሄድኩ። ከዒድ ሶላት በኋላ ሰዉ ሳይበተን ተነስቼ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ስጨርስ ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ አብዱላሂን አየሁት። ጺሙን አሻሸና ምን ቢል ጥሩ ነው? "አቡዘር፣ እኔም ብሆን ከቢርካው ነበር የምቀዳላቸው" አለኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ከወራት ወዲህ ያን ቀን ነው እንቅልፍ የተኛሁት።

ሁለቱ ጀሪካኖች ታሽገው፣ ተፈርሞባቸው ከሽመክት ጋር መጥተዋል። ገመዱም በጆንያ ነው። አብሮ የሚመጣው ሰው ሱፊያን ነው። የኩባንያውን ልብስ አጥቦ፣ አጣጥፎ መለሰላቸው። እኔ አላዘዝኩትም፤ ራሱ ነው። አንድ ልመና አለኝ፤ ሰው ፊት ሲናገር ድምፁ ዝቅ ይላልና ከኋላው ቁሚለት።

አጎትሽ አቡዘር


ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

እልል ይበሉ! ሰላምታውን መጨረሻ ላይ አደርሳለሁ፤ ዛሬ አልችልም። አሸነፍን!

በተራው ልንገርዎ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከካርቲየ አራት እንኳ ሴቶች በሁለት ሚኒባስ ተጭነው መጥተዋል፤ የቢጫውን ዱቄት መጋዘን ወሬ ያዳረስኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። የኩባንያው ወኪል ክራቫቱን አስሮ፣ በግድግዳው ላይ ሥዕል እያሳየ አንድ ሰዓት ተናገረ። አረንጓዴ ሥዕል! በረሃ ላይ ሣር አብቅሎ አሳየን። መጨረሻ ላይ፣ "የነዋሪው የመጠጥ ውሃ ከሥራችን ጋር ግንኙነት የለውም" አለ።

ስሜ ተጠራ። ሁለት ብርጭቆ ይዤ ተነሳሁ። ሱፊያን ማሸጊያውን በመርማሪዎቹ ፊት ፈታና ከሁለቱ ጀሪካን ቀዳ። ብርጭቆዎቹን ወኪሉ ፊት አስቀመጥኩ።

"ሙሴ፣ ብዙ ስለተናገሩ ጠምቶዎታል፤ ከቢዮ አዴ የመጣ ነው፣ ይጠጡ" አልኩት።

የቢርካውን ጠጣ፤ ጥሩ ነው አለ። የጉድጓዱን አንድ ጊዜ ጎንጨት እንዳለ ፊቱ ተኮማተረ። አልዋጠውም፣ አልተፋውም፤ ጉንጩን ነፍቶ ቀረ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

"ሰዉ በየቀኑ የሚጠጣው ይኸኛውን ነው። እናንተ የመረመራችሁት የእንግዳውን ነው" አልኩ። የመርማሪዎቹ ሰብሳቢ ሁለቱንም ራሷ ቀመሰችና ጥናቱን ገለጥ አድርጋ ቁጥሩን አየች። ከዚያ የእርስዎ ወረቀት ተነበበ። ሳብሪን ናት ወደ ፈረንሳይኛ የመለሰችው። ሻሿ ላይ ሲደርስ አንዱ መርማሪ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ፤ ስቆ ይሁን አልቅሶ አላወቅሁም።

ሱፊያን ድምፁ ዝቅ ይላል ብለውኝ ነበር። ከኋላው ቆምኩ፤ ግን አላስፈለግሁትም። ገመዱን ከጆንያው አውጥቶ ጫፉን ለሳብሪን ሰጠና ሌላውን ጫፍ ይዞ ሄደ፣ ሄደ፣ አዳራሹ አልበቃውም፤ በበሩ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ነው የቆመው። እኔ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ አሳየሁ። መጀመሪያ ያቺ የደበዘዘች ቀይ ጨርቅ አለች፤ አባቴ በትልቁ ድርቅ ጊዜ ያሰራት። ከእሷ በኋላ አርባ ዓመት ሙሉ ቋጠሮ የለም። ከዚያ ሦስት ተከታትለው ይመጣሉ፤ ውሃ ሰማያዊዋ፣ ባለ አበባዋና ባለ ወርቅ ክሯ። "እነዚህን ሦስቱን እኔ ነኝ የላክኋቸው፤ ከማሽኑ በኋላ ነው የገቡት። የገቡበትን ወር ልንገራችሁ?" አልኩ። ነገርኳቸው። ቁፋሮው ከተጀመረበት ቀን ጋር አስተያይተው ጻፉት። ወኪሉ ገመድ መለኪያ አይደለም ብሎ ሊከራከር ሞከረ። ሰብሳቢዋ፣ "ታዲያ የእናንተ መለኪያ የታለ? ጉድጓዱን ለክታችኋል?" አለችው። ወረቀቱን ያገላብጥ ጀመር።

ውሳኔውን ሳብሪን ገልብጣ አያይዛዋለች። ባጭሩ ጥናቱ ውድቅ ሆኗል። መጋዘንም የመንገድ ፈቃድም የለም። አሥራ አራቱ ቀዳዳዎች በኩባንያው ይደፈናሉ፤ ውሃውን መርማሪዎቹ ራሳቸው መጥተው ከጉድጓዱ ይቀዳሉ። እስከዚያ አንድ ማሽን አይነሳም።

ስንወጣ ሴቶቹ ሱፊያንን ተሸክመውት ነበር ማለት ይቻላል። ልጅዎ ሲስቅ እርስዎን ይመስላል። አሁን ሰላምታዬን ይቀበሉ፤ አሰላሙ ዓለይኩም የእኔ ጀግና!

ማይሙና


ቢዮ አዴ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማይሙና፣

ሰላሙና እዝነቱ በላያችሁ ይፍሰስ። አንገታችንን ቀና እንዳደረግሽ አንገትሽን ቀና ያድርገው። ደብዳቤሽን በሰው ፊት አራት ጊዜ አስነብበውኛል፤ ወኪሉ ጉንጩን የነፋውን አብዱላሂ አሁን እያስመሰለ ያሳያል።

ቀዳዳዎቹ ተደፈኑ። ቆሜ ቆጥሬያለሁ፤ አሥራ አራቱም። ኩባንያው ማመልከቻውን ስቧል፤ ማሽኖቹ ባለፈው ሐሙስ ተጭነው ሄዱ። ማማውንም ነቀሉ፤ ስለዚህ በደብዳቤ እንቀጥላለን። ሱፊያን ከሽመክት ጋር ተራ በተራ እየነዳ ነው፤ ይህን ወረቀት የሚያመጣልሽም እሱ ነው።

መርማሪዎቹም መጥተው ነበር። አራት ናቸው፤ ሰብሳቢዋም አለችበት። ግማሹን ሰዓት በእግራቸው ወሰድኳቸው፤ ጉልበቴ ያን ቀን ታረቀኝ። ከጉድጓዱ በእጃቸው ቀድተው ጠርሙሳቸውን ሞሉ። ላባቸው ሲንቆረቆር አየሁና ኩባያ አነሳሁ። ቢርካው ሞልቷል፣ ቁልፉም ኪሴ ነው። እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። ከዚያ መለስኩትና ከጉድጓዱ ቀድቼ ሰጠኋቸው። ጠጡት። ሰብሳቢዋ ኩባያውን ሳታጋምስ አልመለሰችልኝም። በሕይወቴ ለእንግዳ ጨዋማ ውሃ ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነው፤ ይቅርታም አልጠየቅሁም።

አሁን ከአንቺ የምለምነው የለኝም፤ ይልቅ የምልክልሽ አለኝ። ዝናቡ ዘንቧል፣ የሚስብብን ማሽንም የለም፤ ትናንት መቅጃውን ስናወርድ የላክሽው ገመድ ተርፎ መሬት ላይ ተጠቀለለ። ውሃው ሁለት ክንድ ወደ እኛ ወጥቷል። እዚህ ጉድጓድ ላይ ገመድ ሲቀጠል እንጂ ሲቆረጥ ያየ ሰው የለም። አብዱላሂ ያዘው፣ እኔ ቆረጥኩት። ቁራጩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፤ ሱቅሽ ውስጥ ስቀዪው።

አጎትሽ አቡዘር